ከአጥር ማዶ የመጣ ማንጎ

ልብስ ሰፊዋ ከገበያ ስትመለስ አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ማንጎ ይመጥጡ ነበር። ክው አለች። የጓሮዋን ማንጎዎች ነጭ ተባይ ወርሷቸው፣ ገና ትናንት ነው መርዝ የረጨቻቸው። እንዳይነኩ ደጋግማ ነግራቸዋለች፤ ግን መርሳት ከጀመሩ ሰነባብተዋል።

"አባባ፣ ከየትኛው ዛፍ ነው የቀጠፉት?"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሰበሩ። "እኔ እንጃ።"

አፋቸውን አስጉመጥምጣ፣ የመርዙን ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ በታክሲ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛቸው በረረች። መንገዱን ሙሉ "ሆድዎን ቆረጠዎት? አዞረዎት?" እያለች ፊታቸውን ታያለች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። በገዛ እጄ አባቴን ልግደል?

ነርሷ የጠርሙሱን ጽሑፍ ስታነብ ፊቷ ተለወጠ። "ጨጓራቸው መታጠብ ሊኖርበት ይችላል" አለችና ረጅም ቱቦ አወጣች።

ሽማግሌው ቱቦውን ሲያዩ ብድግ አሉ። "ኧረ ልጄ! ከጎረቤት ነው የቀጠፍኩት። አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁትና... በዚህ ዕድሜዬ ሌባ እንዳልባል ነው ዝም ያልኩት። ያንቺማ ይሸታል፣ ማን ይነካዋል!"

እፎይ ልትል ስትል ሌላ ሐሳብ ሰቅዞ ያዛት። ጎረቤትስ ምን ረጭቶ ይሆን? ወዲያው ደወለችለት።

"መርዝ? እኔ ቅጠሉን በሳሙና ውሃ ከማጠብ በቀር ምንም አላደረግኩም" አላት። "ምነው፣ በሰላም ነው?"

"አባባ ከማንጎህ አንድ ቀጥፈው..." እንባዋ ቀደማት።

"አንድ? የዘወትር ደንበኛዬ ናቸው እኮ!"

ነርሷ ቱቦውን መለሰችው፤ ለማንኛውም ብላ ግን እስኪመሽ አቆየቻቸው። ልጅየዋም ከአባቷ ፊት ዓይኗን ሳትነቅል ዋለች።