በቫዮሊኑ ደረት ውስጥ

«አባትሽ ግን ጉድ ነው!» አለ ዛካሪያ፣ ጎረቤት ያመጣው ሾርባ ውስጥ ዳቦውን እየነከረ። «ሰው ሲያረጅ እጁ ይደክማል። የሱ ሥራ ግን እያደር አማረ። ምን በልቶ ነው?»

ማስትሮ ባርናባ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ለቅሶ የመጡት የክሬሞና ከተማ ቫዮሊን ሠሪዎች፣ ዛካሪያም ጭምር፣ አንገታቸውን ደፍተው «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን በበሩ ስንጥቅ ወደ ሥራ ክፍሉ ይሾልካል። ልጃቸው ኦርቴንሲያ ጥቁር ለብሳ ወይን ትቀዳለች። እስካሁን እንባ ጠብ አላላትም፤ በዚህም እየታማች ነው።

«መሮዎቹን ለኔ ስጪኝ፣ የኔ ልጅ» አለ ዛካሪያ። «ክፍሉንም እኔ ልረከበው። ሴት ቫዮሊን ሠራች ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ተይ እንጂ! ሐዘን ያስለፈልፋል።»

ማን ያምናታል? በሁሉም ውስጥ የተለጠፈው የአባቷ ስም ነው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሾርባ ሲጠጡ እጃቸውን በእጇ ደግፋ ትይዝላቸው ነበር። እሷ እንጨቱን ትፈለፍላለች፤ እሳቸው በጣታቸው አንኳኩተው ያዳምጡና «ገና ነው፣ አሳሺው» ይላሉ። ደረቱን፣ የፊት ሳንቃውን፣ መክደኑን ግን ለማንም አይሰጡም። «ስሜን ልለጥፍ፣ ውጪ» ይሏታል። አንዲት ወረቀት ለመለጠፍ ያን ሁሉ ጊዜ! በሩ ሥር ቆማ ትበግን ነበር።

በዚህ መሃል የቤተ ክርስቲያኑ ቫዮሊን ተጫዋች ቤኔዴቶ ገባ። «እግዜር ያጽናሽ። በሐዘንሽ መምጣቴ ነውር ነው፤ ግን እሁድ በዓል ነው፣ ይቺ ደግሞ ጎኗ ተላቀቀ።» ካቻምና የተሠራች ቫዮሊን ነበረች። በሚንቀጠቀጥ እጅ የተቀባ ሙጫ ምን ያህል ይይዛል?

ዛካሪያ ብድግ አለ። «ክፈቻት! እስቲ የባርናባን ምስጢር እንየው።»

ኦርቴንሲያ ስስ ቢላዋን በስንጥቁ አስገብታ ዙሪያውን ሄደችበት። ደረቱ ቀጭ ብሎ ተነሣ። ዛካሪያ ከሁሉ ቀድሞ አንገቱን አሰገገ። በደረቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በእርሳስ፣ የተንጋደደ ጽሑፍ አለ። ጮክ ብሎ ጀመረና ድምፁ እየወረደ ሄደ።

«እጄ እምቢ አለኝ። ይህችን የሠራቻት ልጄ ኦርቴንሲያ ናት። ስሜን የለጠፍኩት ገዢ እንዲያምን ነው። የከፈትህ ሁሉ መስክር።»

ዛካሪያ ቆቡን አወለቀ።

«ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ የቀናሁት ባንቺ ኖሯል» አለ። ስለ መሮዎቹ ዳግም አላነሣም።

ኦርቴንሲያ ሙጫውን እሳት ላይ ጣደች። ሲሞቅ ብሩሹን አነሣች። ያ አንድም ቀን ስቶ የማያውቅ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ እንባዋም መጣ። ግራ እጇን ሰደደችና፣ ሾርባ ሲጠጡ የአባቷን እጅ እንደምትይዘው፣ የራሷን ቀኝ እጅ ደግፋ ያዘችው።