ጥያቄ ቁጥር 417

«አበቃልኝ ቦጂ፣ አገዱኝ!» አለ ኪማናንድ፣ ፖስታውን እንኳ ሳይከፍተው።

ከወረዳ በጂፕ የመጣው መልእክተኛ አስፈርሞት መመለሱ ነው። ፖስታው ላይ በቀይ ማኅተም «እጅግ አስቸኳይ» የሚል ተመቶበታል። ኪማናንድ በዳውልኮት የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት ሃያ ስምንት ዓመት ሲሠራ አንድም ወረቀት በጂፕ መጥቶለት አያውቅም። የእድገት ደብዳቤው እንኳ የመጣው በአውቶቡስ፣ ያውም ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ሆኖ ነው። እናም ሚስቱ ባሳንቲ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ልቅሶውን ጀመረችው። ከላይኛው ሰፈር አንድ ሽማግሌ ወርደው፣ «አይዞህ፣ እኔም በወጣትነቴ ታግጄ ነበር፤ እንዲያውም ወፈርኩበት» እያሉ ያጽናኑታል።

«ምን አጥፍተህ ነው ግን?» አልኩት፣ እኔ ጎረቤቲቱ።

«የመንደሩ ሹም ፍየል ናታ! የኮሶ መድኃኒት የሰጠኋት! እኔ ግማሽ ኪኒን ስጧት አልኩ፣ እነሱ ከነካርቶኑ አበሏት!»

«እስቲ ወዲህ በለው» ብዬ ፖስታውን ተቀብዬ ቀደድኩት። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። የመንግሥት ወረቀት ግን ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ ላይ አነባለሁ፤ ቁም ነገሩን የሚሸሽጉት እዚያ ስለሆነ።

«አልታገድክም» አልኩ። «ከምክር ቤት የመጣ ጥያቄ ነው። ዳውልኮት የከብት ሐኪም የላትም የሚባለው እውነት ነው ወይ ይላል። መልሱን እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላክ ተብለሃል።»

ባሳንቲ ልቅሶዋን አቋርጣ ቀና አለች። «ለዚህ ነው ጂፕ የላኩት? እኔን በስልክ ቢጠይቁኝ እነግራቸው አልነበር?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት። ጥያቄው የራሴ ነበራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ በኩማኦን ተራሮች ከብት የሌለው ቤት የለም፤ ለከብቱ ግን ሐኪም የለም። በወረቀት አለ። ዶክተር ታንዶን የሚባል ሰው ከሰባት ዓመት በፊት ዳውልኮት ተመድቦ፣ በዚያው ሳምንት «ለጊዜው በትውስት» ተብሎ ታች ከተማ ቀረ። ስሙ ክሊኒኩ በር ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ ራሱን ግን ያየው ሰው የለም። የተሰበረ ቀንድ፣ የተነፋ ሆድ፣ አልወርድ ያለ የእንግዴ ልጅ፣ ሁሉም በኪማናንድ እጅ ነው። የሚችለውን ያደርጋል። ሲያቅተው ደግሞ ከላሚቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ እንደ ዘመድ ያዝናል። ባለፈው ክረምት እንደ ላም ከምናልባቸው ጎሾች አምስቱ በወሊድ ሲሞቱ፣ አምስቱም ጋ እንዲህ ተቀምጦ አዝኗል።

በጸደይ ባዛር ላይ ታዲያ የአካባቢያችን የምክር ቤት አባል ሊላዋቲ ዲዲ መጣች። ዲዲ የምንላት እንደ ታላቅ እህት ስለምናያት ነው፤ ለተቃዋሚው ወገን ተመርጣ ገና አንደኛ ዓመቷ ነበር። እኛ ሴቶች ከበን ስንጮህባት፣ «ጩኸቱን ተዉትና በወረቀት ስጡኝ። ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ከብት፣ ማን ተመድቦ ነበር። ሚኒስትሩ ጩኸት ለምዷል፤ የጽሑፍ ጥያቄ ሲቀርብለት ግን ፈርሞ መመለስ ግድ ነው» አለችን። ማታውኑ ጻፍኩላት።

እንደ እኔ ሐሳብ ጥያቄው የሚወድቀው ሚኒስትሩ ራስ ላይ ነበር። ለካ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቁልቁለት ይወዳል። ሚኒስትሩ ለመምሪያው ሰጠው፣ መምሪያው ለአውራጃ፣ አውራጃው ለወረዳ፣ እየተንከባለለ መጥቶ ኪማናንድ እግር ሥር አረፈ። የዳውልኮትን ጉዳይ የሚያውቀው የዳውልኮት ክሊኒክ ነው፤ ክሊኒኩ ደግሞ ኪማናንድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጎሼን ላልብ ስወጣ ኪማናንድን አጥራችን ሥር ቆሞ ስልክ ሲያናግር አገኘሁት። ለአለቃው ክብር ጫማውን ሳይቀር አጥልቋል። ስልኩ ላይ የነበሩት የአውራጃው የእንስሳት ጤና ኃላፊ፣ ሳክሴና ሳሂብ ናቸው፤ ሳሂብ ጌታዬ እንደ ማለት ነው። ድምፃቸው እኔም ጎሼም ዘንድ ይሰማል።

«ጻፍ! ሀ፦ እውነት አይደለም፤ ሐኪም ተመድቧል። ለ፦ ምክንያቱ ምንድን ነው ለሚለው፣ ጥያቄው አይነሣም። ሐ፦ መቼ ይመደባል ለሚለው፣ ጥያቄው አይነሣም። ገባህ? ሀን ካልክ በኋላ ሌላው በራሱ ይወድቃል።»

«ገብቶኛል ሳሂብ።»

«ማስረጃም አያይዝ። የክሊኒኩን መዝገብ ፎቶኮፒ አድርግ።»

«የትኛውን ዓመት ሳሂብ?»

«ያለህን ሁሉ! ወፍራም ይሁን! ወፍራም አባሪ ማንም አያነብም።»

ስልኩ ተዘጋ። ኪማናንድ ግንባሩን ጠረገ።

«ታዲያ ምን ልትጽፍ ነው?» አልኩት።

«የታዘዝኩትን ነዋ።»

«ሐኪም አለ ብለህ?»

«ተመድቧል እኮ ነው የሚለው ቦጂ። ተመድቧል ውሸት ነው?»

«በጣም ጥሩ። ከእንግዲህ ጎሼ ስታምጥ የምደባ ደብዳቤውን ግንባሯ ላይ እለጥፍላታለሁ።»

ባሌን እንደ ታላቅ ወንድሙ ስለሚቆጥር ቦጂ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ይለኛል። በእኛ አገር ደግሞ ቦጂና የባል ወንድም መነካከስ ወጋቸው ነው፤ ሌላ ጊዜ አንድ ስል ሁለት ይመልስልኛል። ያን ዕለት ግን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ካስቀየምኳቸው ወደ ድንበሩ ጣቢያ ነው የሚልኩኝ። ስድስት ወር በበረዶ ተዘግቶ፣ የሚታከመው ያ ጠጉራም የበረዶ በሬ፣ ያክ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያክ አላውቅም! ባሳንቲ ጉልበቷን እያመማት እዚህ ብቻዋን ልትቀር ነው።»

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።

«ኪማ፣ ጥያቄውን ጽፌ ለዲዲ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አንተ ላይ ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ልሰደብ ነው ብዬ ባልዲዬን ጨብጬ ጠበቅሁ።

«አንቺ? በዚያ በዶሮ ጭረት ጽሕፈትሽ?»

«በእሱው።»

«እንግዲያስ ምክር ቤት ውስጥ የተማረ ሰው አለ ማለት ነው» አለና ወደ ክሊኒኩ ሄደ።

እኔ ግን ጎሼን እያለብኩ ነገሩን አሰላሁት። እሱ «እውነት አይደለም» ብሎ ከፈረመ ነገሩ ለዘላለም ተዘጋ። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቅ፣ ሐኪም እንዳላቸው ራሳቸው መስክረዋል ሊባል ነው። ካልፈረመ ደግሞ ጎረቤቴን በገዛ እጄ ለያክ ዳርኩት።

በስምንት ሰዓት ባዛር ስወርድ ፎቶኮፒ ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ሦስት መቶ ያህል ገጽ በሲባጎ እያሰረ ነው። ከላይ መልሱ ተቀምጧል። ሀ፦ እውነት አይደለም። ለ እና ሐ፦ ጥያቄው አይነሣም። ሳሂብ ካሉት አንድ ቃል አልጎደለም። ቅር እያለኝ አባሪውን ገለጥ ገለጥ አደረግሁት።

እዚህ ላይ ስለ ኪማናንድ አንድ ነገር ልናገር። የእጁ ጽሕፈት እንደ ጥልፍ ነው፣ ባዶ አምድ ደግሞ አይወድም። ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ ተቆጣጣሪ መዝገቡ ላይ ባዶ አምድ አግኝቶበት፣ ሰው ፊት አቁሞ ወርዶበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባዶ የሚተወው ነገር የለም፤ የዶሮዎቼን ስም ሳይቀር ጠይቆኝ ያውቃል። መዝገቡ የከብቱ ዓይነት ይላል፣ የባለቤቱ ስም ይላል፣ ሕመሙ፣ የተሰጠው መድኃኒት ይላል። የመጨረሻው አምድ «የሐኪሙ አስተያየት» ነው።

ሐኪሙ ከሌለ እዚያ ምን ይጻፋል? ኪማናንድ ያለውን ጽፏል። «ሐኪሙ የሉም።» የእኔ ጎሽ፣ የትከሻ እባጭ፣ ቅባት፤ ሐኪሙ የሉም። የሹሙ ፍየል፣ ኮሶ፣ ግማሽ ኪኒን፤ ሐኪሙ የሉም። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈት።

«ኪማ፣ ይህን አይተኸዋል?» አልኩት።

«እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት።»

«ሳክሴና ሳሂብስ አይተውታል?»

ሲባጎውን ጠበቅ አድርጎ ቋጠረ። «ሳሂብ ወፍራም ይሁን ነው ያሉት።»

ፊቱን መረመርኩት። ምንም አላገኘሁበትም። ወይ የዋህ ነው፣ ወይ ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ አላወቅሁትም።

ጥቅሉ ሽቅብ ሄደ። ወረዳ ላይ «ታይቶ ተላልፏል» የሚል ማኅተም ተመታበት፣ አውራጃም «ታይቶ ተላልፏል»፣ መምሪያም እንደዚሁ። ሚኒስትሩ ፈረመ። ማንም ሲባጎውን አልፈታም፤ ሳክሴና ሳሂብ የሰው ጠባይ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ሊላዋቲ ዲዲን ግን አያውቋትም። ከመመረጧ በፊት ሃያ ዓመት አስተማሪ ነበረች፤ የልጆች ፈተና ስታርም በወረቀቱ ጀርባ የተጻፈውን ሳይቀር የምታነብ። በሦስተኛው ሳምንት ደወለችልኝ። ሳቋ ስለማያስጨርሳት ሁለት ጊዜ ዘግታ ሁለት ጊዜ መልሳ ደወለች።

«ቆጥሬዋለሁ» አለችኝ። «አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ! ይህን የጻፈው ሰው ማነው?»

«ጎረቤቴ ነው ዲዲ። ባዶ አምድ አይወድም።»

«እንግዲያው እኔም ባዶ ወረቀት አልወድም» አለችና አዲስ ጥያቄ አስመዘገበች። ቅጂውን ልካልኝ ለባሳንቲ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«ሀ፦ በጥያቄ ቁጥር 417 መልስ ተመድበዋል የተባሉት ሐኪምና፣ በዚያው መልስ አባሪ በ4,206 ቦታ የሉም የተባሉት ሐኪም አንድ ሰው ናቸውን? ለ፦ አንድ ከሆኑ፣ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሐ፦ ሁለት ከሆኑ፣ ሁለተኛው የት ይገኛሉ?»

ባሳንቲ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። «አሁንስ በርግጥ ላኩት» አለች። «እኔ እንደሆነ ያክ አልፈራም። ጉልበቴ ነው እንጂ።»

አምስት ቀን አለፈ። ቀይ ማኅተም አልመጣም፣ ስልክም አልተደወለም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሳክሴና ሳሂብ ራሳቸው በጂፕ ከተፍ አሉ። ከኋላቸው የተወለወለ ጫማ ያደረገ፣ በጉዞው ፊቱ አመድ የመሰለ ሰው ወረደ። በሩ ላይ ያለውን ስም ቀና ብሎ አነበበና ደነገጠ። የራሱ ስም ነበር።

«ኪማናንድ!» አሉ ሳሂብ። «ምን ጉድ ነው የሠራኸኝ? ያን መዝገብ ለምን አያያዝክ?»

«ያለህን ሁሉ ብለውኝ ነበር ሳሂብ።»

«ያለህን ሁሉ ስልህ… ያለህን ሁሉ ማለቴ ነው እንዴ?»

«ቀንሼ ቢሆን አጉድለሃል ይሉኝ ነበር።»

«ነገ ድንበር ነህ! ነገውኑ!»

እኔ ባልዲዬን ይዤ አጥሩ ጋ ደርሻለሁ። «ሳሂብ፣ ደኅና ዋሉ» አልኩ። «እሱን ከወሰዱት ረዳቱስ የት ሄደ የሚል ሦስተኛ ጥያቄ ይመጣል።»

ዞረው አዩኝ። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ጎረቤት ነኝ። እስክሪብቶ አለኝ።»

ሳሂብ በጣታቸው ጥያቄዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሩ፤ ሦስተኛው ጣታቸው ላይ ሲደርሱ የድንበሩ ነገር እንደ ከበዳቸው ፊታቸው ላይ ታየኝ። ከዚያ በኋላ ድንበሩን ደግመው አላነሡም። ባሳንቲም ሻይ አቀረበችላቸው፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምራ።

ወሬው ግን ከጂፑ ይፈጥናል። ሻዩ ሳያልቅ የክሊኒኩ ግቢ በከብት ሞላ። የታመመውም ያልታመመውም መጣ፤ አንዲት ሴትዮ ዶክተሩን ላሳየው ብላ ጤነኛ በግ አዝላ ወረደች። ዶክተር ታንዶን ኮቱን አውልቆ ለኪማናንድ አስያዘው፣ ከዚያም አንዲት የሆዷ ነገር ያልለየላት ጊደር ጋ ተንበርክኮ እጁን እስከ ክንዱ አስገባ። ሲዳስስ ቆይቶ ፈገግ አለ፤ «ሁለት ጥጃ ናቸው» አለ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ መቼም እውነቱን እንናገር። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህ እጅ ከተማ ውስጥ ፋይል ሲያገላብጥ ነበር።

ሳክሴና ሳሂብ ደስ አላቸው። ከቦርሳቸው ንጹሕ ወረቀት አውጥተው የክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ።

«በል አሁን ጻፍ፤ በዓይንህ አይተሃል። ሐኪሙ በሥራ ገበታቸው ላይ ይገኛሉ።»

ኪማናንድ የዶክተሩን ኮት በጥንቃቄ ሚስማር ላይ ሰቀለ። እስክሪብቶውን አነሣ፣ ቀኑን በዚያ ጥልፍ በሚመስል ፊደሉ ጻፈ። ከዚያም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የዶክተሩ ሻንጣ ከጂፑ አልወረደም፤ ሾፌሩ ጂፑን ቁልቁል አዙሮ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል።

«እሺ ሳሂብ» አለ። «እስከ ስንት ሰዓት ልበል?»