ቀኝ እጅ ላይ የገባው ቀለበት

ዊብከ እጆቿን አየር በማያስገባው የመስታወት ሣጥን ጓንቶች ውስጥ እንደከተተች የኦክስጅን መቆጣጠሪያው ጮኸ። ከሰባቱ ብልቃጦች ስድስቱን አሽጋለች፤ ሰባተኛው ገና ክፍት ነበር። ዓይኗ እያየ በውስጡ ያለው ውህድ መልኩ ተለወጠ።

ሞሊብዲነም የሚባለውን ብረት የያዘው ይህ ውህድ ከሌለ አንዳንድ የሰውነት ኢንዛይሞች አይሠሩም፤ ሰውነታቸው ሊያዘጋጀው ያልቻለ ሕፃናት ተወልደው ብዙ አይቆዩም። እሷ አሥራ አንድ ሳምንት ለፍታ በእጇ ሠራችው። እኩለ ቀን ላይ ሌላ ከተማ ተልኮ በታመሙ አይጦች ላይ ሊሞከር ነው፤ አየር ከነካው ግን አለቀለት።

አንጋፋው ቴክኒሻን ዴትሌፍ የቀኙን ጓንት የሳሙና ውሃ ሲቀባው በጓንቱ የቀለበት ጣት ላይ አረፋ ተነፋ፤ እዚያ ላይ ተቀዷል።

"ሙሽሪት፣ ቀለበትሽን አላወለቅሽም?"

"አውልቄያለሁ እኮ..." አለችና እጇን አየች። ወይ ጉድ! ሁለት ዓመት ሙሉ የእጮኝነት ቀለበቷ ግራ እጇ ላይ ነበር። ቅዳሜ ስትጋባ፣ እንደ አገሩ ልማድ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ዛሬ ጠዋት የግራ ጣቷን ዳበሰች፣ ባዶ ሆኖ አገኘችው፣ ያወለቀችው መስሏት ሥራዋን ጀመረች።

"ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ጅልነት አላየሁም።"

"እኔም፣ አቶ ዴትሌፍ።" ሁለቱም ሳቁ፤ የእሷ ሳቅ ግን ቶሎ ደረቀ። "ስድስቱ ሲታሸጉ ጓንቱ ተቀዶ ከነበረስ?"

"ብልቃጦቹን የሚወስደው ሾፌር ሊደርስ ነው። እንዳሉ ይሂዱ፣ ተያቸው።"

አልተወቻቸውም። ዴትሌፍ የተቀደደው ጓንት የተገጠመበትን ቀዳዳ በክዳን ዘጋ፤ ኦክስጅኑ ከሣጥኑ እስኪወጣ ጠብቃ እጆቿን በሌላው ጥንድ ጓንት ከተተች። መጨረሻ ያሸገችውን፣ ከሌሎቹ ይልቅ አየር ሊነካው የሚችለውን ስድስተኛውን ከፈተች። ከእሱ ጠብታ ወስዳ፣ ይህ ውህድ ጎድሎት ሥራ በፈታ ኢንዛይም ላይ ጨመረች። ኢንዛይሙ ከሠራ አብሮት የተጨመረው ሰማያዊ ቀለም ይጠፋል። ቀለሙ ቀስ በቀስ ሳስቶ እልም አለ።

"ይሠራል" አለች በደስታ።

ሾፌሩ አምስቱን ብልቃጦች በበረዶ ሣጥን ተቀበለ። ከመላኪያው ቅጽ ሥር "ማስታወሻ" የሚል መስመር አለ።

"ባዶውን ተይው" አላት ዴትሌፍ። "ፈትነሽው የለም እንዴ? ማን ይጠይቅሻል?"

"ማንም። ግን አንዷ አይጥ ብትሞት፣ እዚያ የሚሞክሩት ሰዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ወራት ይፈጅባቸዋል።"

ሾፌሩን ትንሽ ታገሠኝ ብላው ጻፈች፦ "ሥራ ላይ ሳለሁ ጓንት ተቀዶብኛል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከስድስቱ አንዱን ከፍቼ ፈትኜዋለሁ፤ አምስቱን አልፈተንኩም።" ከሥሩ ስልክ ቁጥሯን ጨመረችበት።