ጤነኛው ሞተሪኖ

መርፌ ቅጽል ስሟ ነው። ቀጭን ስለሆነችና የስፌት መኪና ስለምትጠግን ሰፈሩ ያወጣላት ነው፤ ከመልመዷ የተነሳ በእውነተኛ ስሟ ሲጠሯት ዞር የምትለው ዘግይታ ነው። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። አባቷ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ትቶላቸው የሄደ አንዲት አሮጌ መኪና ግቢው ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ትቆማለች። እናትየው ዓይኗን ታማ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ስላለባት፣ መኪናዋ ለጌጥ የተቀመጠች አልነበረችም።

አባቷ በሞተ ጊዜ መርፌ መንጃ ፈቃድ ስላልነበራት መኪናዋን የሚይዘው አጎቷ ነበር፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም። ዓመት ሙሉ እንደ ራሱ ንብረት ሲነዳት ከረመ። እሷ መንጃ ፈቃዷን ስታወጣ ሬት የቀመሰ ያህል ፊቱን አጨማዶ ቁልፉን መለሰ። መኪናዋ አመል ያወጣችው ከዚያ ወዲህ ነው።

መርፌ ቁልፉን ስታዞር የዳሽቦርዱ መብራቶች ቦግ ይላሉ፤ ሞተሩ ግን ጭጭ። አጎቷ ተጠርቶ ሲመጣ ደግሞ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ እግሩን ያመቻችና አንዴ ሲያዞራት ትነሳለች። ከዚያ ይስቃል። እጄን ለምዳለች፣ እናንተን አታውቃችሁም ይላል። እሱ ደግሞ በተፈለገ ሰዓት አይገኝም። በዚህ ምክንያት እናትየው ሦስት ቀጠሮ አለፈባት። በሦስተኛው ማግሥት አጎት የልቡን አወጣው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አልቆለታል አለ፤ እንዲህ ያለችውን መኪና የሚችላት ወንድ ነው፤ የባለቤትነት ስሟን ወደ እሱ ቢያዞሩለት እያደሰ እህቱን ሐኪም ቤት ያመላልሳታል። እናትየው እሺ ልትለው ምንም አልቀራትም ነበር። መርፌ ግን ሞተሪኖ ከሆነ እኔ እቀይረዋለሁ፣ ሁለት ቀን ስጡኝ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት የአባቷን ቱታ ለበሰች። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያመጣችውን ሞተሪኖ ጆንያ ላይ አስቀመጠች። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትታ፣ መኪናዋን በክሪክ አንስታ፣ ወፍራም ግንድ ደግፋላት፣ ካርቶን አንጥፋ በጀርባዋ ከሥሯ ገባች።

የተቀበላት ሽታው ነው። የተቃጠለ ዘይት አለበት፣ የረጠበ አፈር አለበት፣ ከሁለቱ ሥር ደግሞ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሌላ ግማት ነበር። ሞተሪኖው አናት ላይ አይጥ ጎጆዋን ሠርታለች፤ የተቦጨቀ የወንበር ስፖንጅ፣ ሶፍት፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ ሁሉም በሽንት ተለውሶ ደርቋል። መርፌ በመፍቻው ጫፍ ነካ ስታደርገው እንዳለ ተንዶ አንገቷ ሥር ገባ። ከመሃሉ አንዲት የደረቀች አይጥ፣ ጥርሷ ተገልጦ፣ ደረቷ ላይ አረፈች።

ከመኪናዋ ሥር እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ግቢው ጥግ ሄዳ አስመለሳት። እናቷ ከበሩ ሆና ምን ሆንሽ ብትላት ምንም አልሆንኩም አለች። አንገቷን በዱቄት ሳሙና ሦስቴ አጥባ፣ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ ተመልሳ ገባች።

የታችኛው ብሎን ወዲያው ተፈታ። የላይኛው ዓይን የማያየው፣ በዳሰሳ ብቻ የሚገኝ ስለሆነ ግማሽ ቀን ፈጀባት። ክንዷን በዚያ ቅባትና ፀጉር በተቀላቀለበት ጠባብ ቀዳዳ አስገብታ፣ ፊቷን ወደ ጎን መልሳ፣ በጥርሷ እየተነፈሰች ሩብ ዙር በሩብ ዙር ፈታችው። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተላጠ፤ ጥቁሩ ግራሶ ቁስሉ ውስጥ ገባ። አሥር ሰዓት ገደማ አሮጌው ወርዶ የመጣው ተገጠመ፤ ሽቦዎቹ በየቦታቸው ታሰሩ፤ ባትሪው ተመለሰ። ቁልፉን አዞረች። ጭጭ።

ለአጎቷ ስትደውልለት አልተገረመም። አይጥ ነበረች ካልሽ ሽቦውን በልታዋለች ማለት ነው አላት፤ በከንቱ እጅሽን አታቆሽሺ፣ የኔ ልጅ፣ ሲመቸኝ መጥቼ አያታለሁ።

እሑድ ጠዋት ነገሩን እንደ ሙያዋ አሰበችው። የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ቆሞ ሲመጣላት ዕቃ ቀያይራ አታውቅም፤ መጀመሪያ የምታየው ኃይሉ እስከ የት እንደደረሰ ነው። ይህን ትናንት ማድረግ ነበረባት። የሰው ቃል አምና ዘላ ብሎን መፍታት መጀመሯ ራሷን አናደዳት። ሁለት ሽቦ የተቀጠለባትን ትንሽ መሞከሪያ አምፖሏን ይዛ ገባች። ወደ ሞተሪኖው የሚመጣው ወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ነው፤ እሱ ላይ አምፖሏ ቦግ አለች። ቀጭኑ ሽቦ የሚመጣው ከቁልፉ ነው። ለእሱ እናቷን ሾፌር ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

"እማዬ፣ አዙሪ።"

"አዞርኩ።"

"ሳትለቂው ያዥው።"

"ይዤዋለሁ እኮ፣ ልጄ።"

አምፖሏ አልበራችም።

መኪናዋ ከማርሽ መውጣቷን አረጋግጣ፣ በቁራጭ ሽቦ ከባትሪው ኃይል ወስዳ የቀጭኑን ሽቦ መያዣ ነካችው። ሞተሪኖው ገረር ብሎ ዞረ። አንድ ነገር ጠረጠረች። ጆንያው ላይ የተጋደመውን አሮጌውን በእግሯ ረግጣ ይዛ፣ በማስነሻ ገመድ ከባትሪው ጋር አገናኝታ ሞከረችው። እሱም እንደ ጉድ ዞረ። ጤነኛ ነበር። ያን ሁሉ ቆሻሻ የዋጠችው ጤነኛ ዕቃ ለማውረድ ነው።

ቀጭኑን ሽቦ ከሞተሪኖው ጀምራ በጣቷ ተከተለችው። የጥርስ ምልክት የለበትም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን አይጧም አልበላችም።

ሽቦው ዳሽቦርዱ ሥር ተቆርጦ ተገኘ። ጫፎቹ ላይ ቀይ ሽቦ ተቀጥሏል፤ መጋጠሚያው በናስትሮ ፋንታ በላስቲክ ቁራጭና በቁስል ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ፕላስተሩ ላይ ፀጉር ተጣብቋል። መርፌ እንዲህ ያለ ሥራ ስታይ የሰው ቁስል ያየች ያህል ይቀፋታል። ቀዩ ሽቦ በምንጣፉ ሥር ወደ ሾፌሩ ወንበር ይሄዳል። ምንጣፉን ገለጠችው። አጎቷ ዓመት ሙሉ የበላው ሁሉ እዚያ ነበር፤ የኦቾሎኒ ገለባ፣ የተላመጠ ማስቲካ፣ የሻገተ የብርቱካን ልጣጭ። በመካከሉ ወፍራም፣ ቢጫ፣ የእግር ጥፍር ቁርጥራጭ። የአባቷ መኪና ውስጥ፣ ጫማውን አውልቆ። እጇን ከወንበሩ ሥር ሰደደች። ወንበሩን ከሚያንሸራትተው ማንሻ አጠገብ ጣቷ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አገኘ፤ የራስጌ መብራት ገመድ ላይ የምትሆን ዓይነት።

ተጫነቻትና ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።

እናቷ ተመስገን አለች። መርፌ ግን አልተደሰተችም። አጎቷ ወንበሩን ገፋ ሲያደርግ፣ ጎንበስ ሲል፣ ከዚያ ሲስቅ ታያት። ሞተሩን አጥፍታ የእናቷን እጅ ያዘችና ማብሪያዋን አስዳሰሰቻት። ይህችን ሲጫኗት መኪናዋ ትነሳለች፣ ሲያጠፏት አትነሳም፣ የሠራው ሰው ብቻ ነው የሚያውቃት አለቻት። እናትየው ማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ማብሪያዋን ለረጅም ጊዜ ዳሰሰቻት።

መርፌ ቀዩን ሽቦ ነቅላ ጣለች፤ የተቆረጠውን አጋጥማ በወግ አሰረችው፤ ምንጣፉን አውጥታ በብሩሽ ፈተገችው።

ማግሥቱን ከሰዓት አጎት መጣ። ሻይ ጠጣ፣ ስለ ሥራው አወራ፣ ከዚያ እስቲ ልያት ብሎ ተነሳ። ሁለቱም ተከትለውት ወጡ። ገብቶ ተቀመጠ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ እጁ ወደ ታች ወረደ። እዚያው ቆየ። ወዲያና ወዲህ ፈለገ።

"እዚያ የለም" አለች መርፌ።

"ምኑ?"

"የምትፈልገው።"

ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረች ናት። ያን ቀን አንቱታው ከአፏ አልወጣ አለ።

አጎት ሳቀ። ለሌባ ብዬ ያስገባኋት ናት፣ ሳልነግራችሁ ረስቼው ነው አለ። ስለ ሌቦች ብዛት፣ ስለ መኪና ስርቆት ብዙ ተናገረ፤ ሲናገር ላቡን በእጁ እየጠረገ እጁን መሪው ላይ ያሽ ነበር። መርፌ መሪውን እያየች፣ በስንት ሳሙና ይለቅ ይሆን ብላ አሰበች።

"ሦስቱን ቀጠሮ ስቀር ታውቅ ነበር?" አለችው እህቱ።

"እኔማ ልነግራችሁ..."

"ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።"

አጎት ወርዶ ጃኬቱን አራገፈና፣ ከሴት ጋር ነገር መግጠም የኔ ጥፋት ነው ብሎ ሄደ። እናትየው ሻይ የጠጣበትን ብርጭቆ ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው። ብርጭቆው እስከ ማታ እዚያው ዋለ።

ሐሙስ ዕለት መርፌ እናቷን ሐኪም ዘንድ አደረሰቻት። ሐኪሟ ዓይኗን መርምራ ለምን እንደቀረች ጠየቀቻት። እናት መኪና ተበላሽቶ ነው አለች። ከግራ ዓይኗ የሄደው ብርሃን አይመለስም ተባለች፤ የቀረውን መጠበቅ ይቻላል። ሲመለሱ እናትየው፣ አጉርሼ ባሳደግኩት ጣቴን ነከሰኝ ብቻ አለች።

ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ግን ወንድሟን ቤቷ አስገባችው። ሥጋዬ ነው፣ ቆርጬ የት እጥለዋለሁ ትላለች። መርፌ እሱ በመጣ ቁጥር ተነስታ ወደ ሥራ ቤቷ ትሄዳለች።

አንድ እሑድ ሊወጣ ሲል ዝናብ ያዘው። እናት ወደ ሥራ ቤቱ መጥታ፣ እስከ ፌርማታው ብታደርሺው ምን አለበት አለች በዝግታ። መርፌ አጎቷ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ተቀምጦ ታያት። አላደርሰውም አለች። አጎት ጋዜጣ ራሱ ላይ ይዞ በጭቃው እየዘለለ ሄደ፤ መርፌም ቀና ሳትል ስፌት መኪናው ላይ ክር ማስገባቷን ቀጠለች።