በቀኝ በኩል የተወጣው ፈረስ

ያሱጂ በኪዮቶ ፊልም ሠሪዎች ዘንድ አርባ ዓመት ሙሉ የታወቀው በነዝናዛነቱ ነው። የጥንት ሳሙራይ ጦረኛ ፈረስ ላይ የሚወጣው በቀኝ በኩል ነበር ይላል። የታሪክ አማካሪ ነውና እንጀራው ይኸው ነው። ግን ማን ሰምቶት! የዛሬ ፈረሶች የለመዱት በግራ በኩል መወጣትን ስለሆነ ዳይሬክተሮቹ ሁሉ ማን ያየዋል እያሉ ያልፉታል። ሚስቱ ኪኑዮም ብትሆን ከነሱ አትሻልም፤ ሰው ለመዝናናት ፊልም ያያል እንጂ የፈረስ ጎን ይቆጥራል እንዴ እያለች ትስቅበታለች።

ጡረታ ሊወጣ አንድ ፊልም ሲቀረው ግን ቀናው። ዳይሬክተሩ ኢሶዳ ሽልማት ሲሉት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው፤ የዘንድሮ ዳኞች ታሪክ አዋቂዎች ናቸው ሲባል ሰማ። በዚህ የተነሳ ጀግናው ደረት ላይ የሚደራረበውን ረጅም ልብስ፣ ኪሞኖውን ለብሶ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ጦር ሰፈሩ ሲነሳ ፈረሱን በቀኝ በኩል እንዲወጣ ተፈቀደ። አንድ ፈረስ ሁለት ወር ተገራ። ተዋናዩ ሦስት ጊዜ ጭቃ ላይ ተዘረጋ፣ በአራተኛው ኮርቻውን ተቆናጠጠ። ያን ቀን ያሱጂ ልጁን እንደ ዳረ አባት ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

ያለቀው ፊልም ለሠራተኞቹ ሲታይ ኪኑዮን ይዟት ሄደ። ያ ቦታ ደረሰ። ጀግናው ፈረሱን ወጣ፤ በግራ በኩል።

ያሱጂ ክው አለ። መብራት ሲበራ ነገሩ ተጣራ። ፊልሙን ቆራርጣ ያቀናበረችው ማኪ የምትባል ወጣት ናት፤ ሰው ሁሉ በግራ ሲወጣ ስላየች ምስሉ ተገልብጦ የመጣ መስሏት ግራና ቀኙን አዙራ "አቃንታዋለች"። ምስኪን፣ ልታለቅስ ደርሳለች። ኢሶዳ ግን ከነገ ወዲያ ለዳኞች የሚላክ ፊልም አይነካም፣ እንዲህም ያምራል ብሎ ዘጋው።  ያሱጂ ሊወጣ ኮፍያውን አነሳ።

ይሄኔ ኪኑዮ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ዳይሬክተር፣ እኔ ስለ ፈረስ የማውቀው ነገር የለም። ግን የጀግናው ኪሞኖ የቀኙ ጠርዝ ከግራው በላይ ውሏል። እናቴን አምና ስቀብራት በእጄ ያለበስኳት እንደዚያ ነው።"

 ሬሳ ካልሆነ በቀር እንዲያ የሚለብስ እንደሌለ የማያውቅ እዚያ አልነበረም፤ ያሱጂ እንኳ ዓይኑ ፈረሱ ላይ ተተክሎ አላየውም ነበር። የኢሶዳ ፊት አመድ መሰለ።

"ገና ቤቱ ደጅ ላይ ሳለ ገንዤው ኖሯል?" አለ።

የዚያኑ ቀን ምስሉ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ልብሱ ሲቃና ፈረሱም አብሮ ቀና።

ሽልማቱን ሌላ ፊልም ወሰደው። ኢሶዳ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። ያሱጂ ግን የሰፈራቸው ሲኒማ ድረስ ሚስቱን ይዞ ሄደ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ጀግናው ኮርቻ ላይ ጉብ ሲል ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"በየት በኩል ወጣ?"

"እኔ እንጃ" አለችው፣ "ልብሱን ነበር የማየው።"

ሳቁ አመለጠውና ፊት ያሉት ሰዎች ዞረው ገላመጡት። አርባ ዓመት ማን ያየዋል ሲሉት የኖሩት የምታይ ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ነው። እጇን ያዘና ፊልሙ እስኪያልቅ አልለቀቀም።