አይነካም የተባለው ሰሌዳ

ልጄ ወደፊት ሰው ይለብሰዋል የምትለውን ልብስ ትሠራለች። መብራት ያለው ካፖርት፣ ከተጣለ ጃንጥላ የተሰፋ ቀሚስ፣ ሲበርድ በራሱ የሚወፍር ጃኬት። ሙዚየሙ ከጀማሪነቷ እስከ ዛሬ የሠራችውን ሁሉ ሰብስቦ በትልቁ አዳራሽ ሊያሳይላት ነው።

«የመጀመሪያውን ልብስ ማብራሪያ ሰሌዳ አንብበሽ ዝግጅቱን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ፣ እማዬ» አለችኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዚህ ዕድሜዬ፣ በጎልማሶች ክፍል ነው። ሰው ፊት ተንተባትቤ አሳፍራታለሁ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። የሚነበበውን ቀድማ ስለሰጠችኝ፣ ስለ ጃንጥላው ቀሚስ የተጻፈውን በቃሌ ያዝኩት። ልብስ እያጣጠፍኩ ስደጋግመው ባሌም አብሮኝ ሸመደደው።

«ከፈራሽ እኔ ልሂድልሽ» እያለ ያበሽቀኛል።

ቀኑ ደርሶ ሰሌዳው ፊት ስቆም ቀሚሱ የለም። በቦታው ካፖርቱ ቆሟል።

«የቀሚሱ ስፌት ስለተተረተረ ቀየርነው፤ ልነግርሽ ረሳሁ» አለች ልጄ በጆሮዬ። «ምን ችግር አለው፣ ታነቢ የለ።»

ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ጣቴን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አስቀመጥኩ።

«እናቴ፣ አይነካም» አለኝ የሙዚየሙ ጥበቃ ቀስ ብሎ።

ጣቴን ሳነሳ ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ።

«ወንድሜ፣ ያለ ጣቴ ዐይኔ አይሄድም» አልኩት።

ጥበቃው ዞሮ ልጄን አያት። እሷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

«ይህ... ካ...ፖርት... በጨለማ... ከሥራ ለሚመለሱ... ሴቶች የተሠራ ነው። መጀመሪያ የለበሰችው... የዲዛይነሯ...» «እናት» የሚለውን ጣቴ ሳይደርስበት አወቅኩት። «እናት ናት።»

«ጎረቤቶቼም መብራቱን አይተው አምቡላንስ መጣ ብለው ወጥተው ነበር» ብዬ ከራሴ ጨመርኩበት። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ቀና ስል ከዳር እስከ ዳር የቆመው ሁሉ የልጄ እጅ ሥራ ነው።

ልጄ ክንዴን ይዛ ወደ ወንበሩ ስትስበኝ ወደ ሁለተኛው ሰሌዳ አለፍኩ።

«እማዬ፣ ያንቺ እኮ አንዱ ብቻ ነው።»

«ተዪኝ፣ ገና መሞቄ ነው።»

ጣቴን አስቀመጥኩ። ሰዉ ከኋላዬ መጣ፤ ጥበቃውም ጨርቅ ይዞ አሻራዬን እየጠረገ ይከተለኛል።