የጠበበው ሽፋን

ሰው አላምንም። ይህን የምለው ልኩራራበት ብዬ አይደለም፣ አፍሬበትም አላውቅም፤ ሥራዬ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የልብስ ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ የሚወጡትን ሴት ሠራተኞች ስፈትሽ ኖሬያለሁ። ክር በጡት መያዣ፣ ዚፕ በካልሲ ይዘው ሊያልፉ የሞከሩ ስንትና ስንት ናቸው። አንዷማ አዲስ ሸሚዝ ከቀሚሷ ሥር ለብሳ፣ እየሳቀች ልታልፈኝ ስትል ገና ትከሻዋን ስነካ አወቅኩባት፤ አንድ ሰው ሁለት ኮሌታ አይኖረውም። "ፈታሿ" የሚለው ስም ከፋብሪካው ተከትሎኝ ሰፈር ገባ፣ ከሰፈር ደግሞ ቤቴ ገባ። ልጆቼ ከጀርባዬ እንደዚያ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሰምቼ እንዳልሰማ ነው የማልፋቸው።

አሁን የምኖረው ከወንዱ ልጄ ጋር ነው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሚስቱ የጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር፤ ከወለደች ወዲህ ሥራዋን ትታ ልጇን ታሳድጋለች። ታናሽየዋ ሴቷ ልጄ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብላ ከሄደች ከርማለች። የሄደች ቀን እንኳ ጉንፋን ይዞኛል ብላ ሳትስመኝ፣ ከሩቅ እጇን አውለብልባ ነው የተሰናበተችኝ። ስልክ ግን አታቋርጥም፤ ትደውላለች፣ ደህና ነኝ ትላለች፣ ቶሎ ትዘጋለች።

የልጅ ልጄን ድቡልቡሌ ነው የምለው። ጭኑ እጥፍጥፍ ያለ፣ ጉንጩ ዓይኑን ሊደፍን የደረሰ፣ ሲያነሱት ወገብ የሚያስይዝ ልጅ ነው። እናቱ የምታደርግለት ዳይፐር ተጠቅመው የሚጥሉት ሳይሆን የጨርቅ ነው። መጀመሪያ ያመጣችው ዕለት ሳቅሁባት። እኛ አሮጌ አንሶላ ቀደን፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዘን አሳድገናል፤ ለዚህ ደግሞ ምን አዲስ ነገር ያስፈልገዋል ብዬ። ኋላ ግን አገላብጬ ሳየው ወደድኩት። ሁለት ነገር ነው። ከውጭ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን አለ፣ ወገቡና ጭኑ ላይ ላስቲክ ያለው። ከውስጥ ደግሞ ሽንቱን የሚመጥ፣ ተደራርቦ የተሰፋ ጨርቅ ይገባበታል። ልጁ ሲያረጥብ የውስጡን ብቻ አውጥቶ ሌላ ማግባት ነው፤ ሽፋኑ ካልቆሸሸ ይደገማል። ሽፋኑ ፊት ለፊት ላይ ሲጫኑት ጠቅ የሚል ቁልፍ በረድፍ በረድፍ አለው። ለአራስ በመጀመሪያው ረድፍ ይጠበባል፣ ልጁ ባደገ ቁጥር ረድፍ እየተለቀቀ ይሰፋል። ስፌቱን በጥፍሬ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አይልም።

እጥበቱን እኔ ያዝኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ሌላ ሰው በደንብ ያለቀልቀዋል ብዬ ስለማላምን ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀልቃለሁ፣ ቀጥሎ እዘፈዝፋለሁ፣ አሽቼ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ሽፋኑን ላስቲኩ እንዳይለጠጥ ከሆዱ በኩል አጥፌ ነው ገመድ ላይ የማውለው። ምራቴ ይህን ሁሉ ሥራ ስለወሰድኩላት ደስ ብሏት ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን ደስታዋ ትንሽ በዛ ብሎብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምራቴ ልጁን ይዛ ዞር ብላ ከተመለሰች በኋላ የቆሸሸውን ከረጢት ሳፋው ውስጥ ገለበጥኩት። ቢጫው ሽፋን፣ ዓሣ ያለበት፣ ቁልፉ በመጀመሪያው ረድፍ ተቆልፎ አገኘሁት። ድቡልቡሌ መጨረሻው ረድፍ ላይ ከደረሰ ቆይቷል። ምናልባት ሳላየው ከስቶ ይሆናል ብዬ፣ ሽፋኑን እንዳለ ይዤ ሄጄ ጭኑ ላይ ለካሁት። አንድ እግሩን እንኳ አላስገባም። እሱ ጨዋታ መስሎት ሳቀ፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ተመልሼ የውስጥ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። የወንድ ልጅ ሽንት ጨርቁን ከፊት በኩል ነው የሚያርሰው፤ ለዚህም ብለን ለድቡልቡሌ ከፊት ደረብ አድርገን እናጥፍለታለን። ከነዚህ ውስጥ ግን ፊታቸው ደርቆ መሀላቸው የራሰ ነበሩ። አንደኛው ላይ ያለው እድፍ ደግሞ ቀጭን፣ ቢጫ፣ ጠረኑም እምብዛም ነው። ድቡልቡሌ ምግብ ከጀመረ ወዲህ የእሱን ነገር አፍንጫዬን ሳልይዝ አልጠጋውም። ይህ ከጡት በቀር ምንም ያልቀመሰ አራስ ነው፤ ያውም ሴት። የማላውቃት አራስ የልጅ ልጄን ሽፋን ታጥቃ፣ ሽንቷን እኔ እያጠብኩ ነው ማለት ነው።

ምራቴን ጠራኋትና ሽፋኑን አሳየኋት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ሽፋኑን አይታ፣ ሳጫውተው ቁልፉን ነካክቼው ይሆናል አለችኝ። እድፉንስ ስላት ሆዱን አሞት ነበር አለች። ይህን ስትል ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ያልነደደ እሳት ላይ ድስት ታማስላለች። በር ላይ በቆምኩበት ዘመን እንደዚህ ያለችውን ሁለተኛ ሳልጠይቅ ነበር ወደ መፈተሻው ክፍል የማስገባት።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ። መጀመሪያ ልጄን ጠረጠርኩት። ሾፌር ነው፣ ከተማውን ሲዞር ይውላል፣ የሆነ ቦታ ወልዶ ይሆናል አልኩ። ግን የትኛዋ ሚስት ናት የባሏን ዲቃላ ዳይፐር ቤቷ ድረስ ተሸክማ የምታመጣ? ቀጥሎ ምራቴ የሌላ ሰው ልጅ እያጠባች ነው አልኩ። ይሄኛው ይበልጥ አንገበገበኝ። የድቡልቡሌን ወተት ለማላውቀው ልጅ ስታካፍል ታየችኝ። ጭኑን እየጨበጥኩ ቀንሷል አልቀነሰም እያልኩ ስመረምረው ልጁ ራሱ ሰለቸኝ መሰለኝ፣ ገና ሳየው ማልቀስ ጀመረ።

አንድ ማታ ልጄ ከሥራ ገብቶ እራት ሲቀርብ ሽፋኑን ታጥቦ እንደደረቀ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት። እየበላሁ ነው እኮ እማዬ አለና ሳቀ። ቁልፉን ስጠቁመው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሚስቱን አየ፣ እሷም አየችው። የዓይን ንግግር እኔ ፊት አይሠራም። ሁለታችሁም ታውቃላችሁ አልኳቸው። እሱ አፉን በጉርሻ ሞላ። ዘጠኝ ወር በሆዴ የተሸከምኩት ልጅ፣ አፉን በምግብ ደፍኖ ሲደብቀኝ ሳይ ከምራቴ ይልቅ እሱ አቃጠለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እሱ እንደወጣ ምራቴን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። እዚህ ቤት ውስጥ የሚደበቅ ነገር እያለ አብሬ አልኖርም፣ ወይ ትነግሪኛለሽ፣ ወይ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጠቅልዬ እወጣለሁ፣ ለምን እንደወጣሁም ለዘመድ ሁሉ እናገራለሁ አልኳት። ሌባ የሚለውም ቃል ከአፌ አምልጧል። አላለቀሰችም። ድቡልቡሌን አቀፈችና ቀና አለች።

"እማማ፣ የሰረቅኩት ነገር የለም። ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሌን ካልበላሁ ደግሞ ልነግርዎ አልችልም። ቤቱን ጥለው ከሄዱ ልጅዎ ይጎዳል፣ እኔም እጎዳለሁ። ቢሆንም አልነግርዎትም።"

ይህን ብላ ከረጢቷን አንግታ፣ ልጁን አዝላ ወጣች። እኔም ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ተከተልኳት።

መከተል ጥበብ አለው፤ ቅርብም ሩቅም አይኬድም። ዋናውን መንገድ ተሻገረች፣ ጎማ የሚለጥፉበትን ደጅ አለፈች፣ ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ጎን ባለው ደረጃ ወጣች። እኔ ከታች ቆሜ ሽቅብ ሳይ በረንዳው ላይ የራሳችን ሽፋን፣ አረንጓዴው፣ ተሰጥቷል። ያውም በላስቲኩ ተንጠልጥሎ። ከንዴቴ ሁሉ በፊት ይሄ ነው የቀደመኝ። የሰው ዕቃ ወስደው፣ አሰጣጡን እንኳ ሳያውቁት ላስቲኩን ሊያበላሹት ነው ብዬ ተንጨረጨርኩ። ጉልበቴን እያመመኝ ደረጃውን ወጣሁና በሩ ሥር ቆምኩ። ውስጥ የአራስ ለቅሶ ይሰማል፣ ያ ገና ጉልበት የሌለው፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ለቅሶ።

አንኳኳሁ። የሴቶች ድምፅ ቀጥ አለ። ቆየት ብሎ በሩ ተከፈተ።

የከፈተችው ሴቷ ልጄ ናት።

ለአፍታ አላወቅኳትም። ፀጉሯ በሻርፕ ታስሯል፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል። ከኋላዋ ምራቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ከአንድ ክንድ የማትበልጥ ሕፃን ጭኗ ላይ አስተኝታለች፤ ሽፋኑን ልትቆልፍ ስትል እኔን አይታ እጇ እንደቆመ ቀርቷል። ድቡልቡሌ ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጦ ስፖንጅ ያኝካል። ልጄ የበሩን እጀታ እንደጨበጠች ቆማ ታየኛለች። ሌላ ከተማ ነሽ ብዬ ነው የማውቀው ለማለት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ግቢ ወይም ሂጂ፣ እማዬ። በር ላይ አቁመሽ ግን አትፈትሺኝ።"

ለምን ደበቅሽኝ አልኳት። እሷም በዝግታ፣ ስታስበው የኖረችውን ነገር እንደሚናገር ሰው ነገረችኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን፣ ኪሷን፣ ትራሷን ሳይቀር እፈትሽ እንደነበር፤ ከሰው ጋር እንዳልዋለች ለማወቅ ፀጉሯን አሸት እንደነበር። ሆዷ መግፋት ሲጀምር ያሰበችው ሌላ ሳይሆን የእኔን እጅ ነው። ስለዚህ ነው ያን ቀን ጉንፋን ብላ ያልሳመችኝ። ለወንድሟና ለሚስቱ ነገረቻቸው፤ እኔ እንዳልሰማ ደግሞ አስማለቻቸው። ይሄ ቤት ውሃ እየጠፋ ሲያስቸግራት ምራቴ ጨርቆቹን ከድቡልቡሌ ጋር እየቀላቀለች ወደ እኔ ታመጣቸዋለች። ከማምጣቷ በፊት ቁልፉን ወደ ሰፊው ረድፍ ትመልሰው ነበር፤ ያን ቀን ብቻ ረሳችው።

"አንቺ እንደምታጥቢው የሚያጥብ የለም ብላ ነው፣" አለች ልጄ ወደ ምራቴ በዓይኗ እያሳየች።

ስንቱን ሴት በዳሰሳ ያወቅኩ እኔ፣ የገዛ ልጄን እርግዝና ሳላውቅ ቀረሁ። ይህ ቆጨኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ወዲያው ግን ጥያቄዎቹ ተሰለፉብኝ። አባቱ ማን ነው? የት ነው ያለው? ሊያገባሽ ነው ወይስ ጥሎሽ ሄደ? ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሰዋል። መጀመሪያ የምትጠይቂው ጥያቄ ነው ሰውን የሚያጋልጠው፣ ሳይዘጋጅ አፋጥጪው፤ አዲስ ለተቀጠሩ ፈታሾች ይህን ነበር የማስተምራቸው። ልጄም ታውቀዋለች። ትከሻዋን አጠንክራ፣ እጀታውን ጨብጣ፣ ያንኑ ጥያቄ እየጠበቀች ነው። ከጠየቅኳት በሩን ትዘጋለች። ከዘጋችው ደግሞ ሁለተኛ አይከፈትም፤ የእኔው ልጅ ናት፣ ግትርነቷን ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ።

ምራቴ ጭን ላይ ያለችውን ሕፃን አየኋት። እግሯ ከሽፋኑ ውስጥ ወጥቶ አየሩን ይረግጣል፤ እንደ ጣት ቀጭን ነው። ፈራሁ። እግር አውጥታ ስትሄድ ሳላያት፣ ስሟን ሳልሰማ፣ ደጃፍ ላይ ቆሜ እንዳልቀር በእውነት ፈራሁ። ያን ሁሉ ጥያቄ ዋጥኩትና ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

"ስትወልጃት ማን ነበር አጠገብሽ?" አልኳት።

ይህን አልጠበቀችውም። ዓይኗ ተንከራተተ።

"እሷ ናት፣" አለችኝ ምራቴን እያየች። "ሌሊቱን ሙሉ እጄን ይዛኝ አደረች።"

ምራቴ አንገቷን ደፋች። ጠዋት ሌባ ያልኳት ሴት፣ የእኔን ቦታ ተክታ ልጄን አዋልዳ፣ ወር ሙሉ አፏን ዘግታ ኖራ፣ ስድቤንም ጠጥታለች። ምን ብዬ ቀና ብዬ እንደማያት አላውቅም። ልመለስ፣ ደረጃውን ልውረድ ብዬ ግድግዳውን ስይዝ ልጄ እንደገና ተናገረች፤ ድምፅዋ ከቅድሙ ያነሰ ነው።

"የምጠራው ግን አንቺን ነበር። እማዬ፣ እማዬ እያልኩ። እሷም ቢቸግራት ለእማማ ልደውል ወይ አለችኝ። ምጥ ላይ ሆኜ እንኳ አይሆንም አልኳት።"

እንባዬ መጣ፤ አላፈንኩትም። ልጄ የበሩን እጀታ ለቀቀች። እኔም ጫማዬን ደጃፉ ላይ አውልቄ፣ ሌላ ምንም ሳልጠይቅ ገባሁ።